ወደ ግራ የተገመደ ብር

በቅሎዋ ወንዙ መሃል ስትደርስ ቀጥ አለች። ልጓሙን የያዘው ወታደር ቢስባት፣ ቢለማመጣት፣ ቢሰድባት ወይ ፍንክች! ከላይዋ የተቀመጡት ሽማግሌ ግን ያስጨነቃቸው የራሳቸው መውደቅ አልነበረም። አንዲት የእንጨት የመሣሪያ ሣጥን በሁለት ክንዳቸው ደረታቸው ላይ አጣብቀው፣ «ይቺ ከረጠበች እኔንም እዚሁ ቅበሩኝ!» ይላሉ።

«አባዬ፣ ሣጥኗን ለእኔ ያቀብሉኝ፤» አለች ቀሚሷን እስከ ጉልበቷ ሰብስባ ከኋላ የምትከተለው ልጃቸው።

«አንቺ ራስሽን ቻይ! ጭራሮ በውሃ ሲወሰድ ማን ልብ ይላል?»

ጭራሮ የሚለውን ስም ያወጡላት እሳቸው ናቸው። ስትወለድ የከሳች ነበረች፤ ሠላሳ ስምንት ዓመት ሲሞላትም ሥጋ የሚባል ነገር ዞር ብሎ አላያትም፤ ስሙም በዚያው ጸና። አባቷን ግን አገር የሚያውቃቸው «አለቃ» በሚለው ማዕረግ ነው። የአንጥረኞች ማኅበር አለቃ ናቸው፤ እሳቸው ሳይፈቅዱ በከተማቸው አንድ ሰው መዶሻ አያነሣም።

«በቅሎን አባትሽ ማነው ቢሏት እናቴ ፈረስ ናት አለች አሉ፤» አለ ወታደሩ ላቡን እየጠረገ። «ኩራቷ የእናቷ ነው፤ እልኋ ግን የአባቷ።»

ጭራሮ ከኋላ በትከሻዋ ገፋቻት። በቅሎዋም ጥቂት ካሰበች በኋላ፣ የራሷ ሐሳብ እንደሆነ ሁሉ፣ ተንደርድራ ወጣች።

ማዶ ሲሻገሩ ወታደሩ በቅሎዋን ሣር ሊያስግጥ ወረድ አለ። አባትና ልጅ ከአንድ ድንጋይ ላይ ተቀመጡ። አለቃ የሣጥኗ ጠፍር ላልቶ ኖሮ ሊያጠብቁት ሞከሩ። የጠፍሩን ጫፍ ከዘለበቱ ለማስገባት ሦስት ጊዜ ሞክረው ሦስት ጊዜ ሳቱት። ጭራሮ እጃቸውን ሳታይ ጠፍሩን ተቀብላ አሠረችው። ካላዩት የሌለ ይመስል፣ ስለዚያ እጅ መነጋገር ካቆሙ ቆይተዋል።

መንቀጥቀጥ የጀመረው ከአራት ዓመት በፊት ነው። መጀመሪያ ትንሿ ጣት፣ ከዚያ አንጓው፣ ኋላ እስከ ክርን። ከዚያ ወዲህ በሱቃቸው ውስጥ ነገሩ እንዲህ ሆነ፤ አለቃ ከፊት ተቀምጠው ደንበኛ ያጫውታሉ፤ ከመጋረጃው ጀርባ ጭራሮ ብሩን ትስባለች፣ ትገምዳለች፣ ትበይዳለች። ደንበኞች «እጅዎ ከዓመት ዓመት እየጣፈጠ ሄደ» ይሏቸዋል። እሳቸውም «ዕድሜ እንደ ወይን ነው» ብለው ይስቃሉ። የማኅበሩ ደንብ ሴት ወናፍ እንድትነፋ ይፈቅዳል፤ ብር ከሚቀጠቀጥበት መስፍ ፊት ተቀምጣ እንድትሠራ ግን አይፈቅድም። የተደረሰበት ሱቁ ይዘጋል፤ መሣሪያውም ይወረሳል። ይህን ደንብ ለአዲስ ገቢዎች ቆመው የሚያነቡት ደግሞ ራሳቸው አለቃ ናቸው።

«እንግዲህ እንዳልኩሽ ነው፤» አሉ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። «እኔ ካባዬን ዘርግቼ በርጩማው ላይ እቀመጣለሁ። አንቺ ከፊቴ ሆነሽ ወናፉን የያዝሽ ትመስያለሽ። እጅሽ በካባዬ ሥር ይሠራል። እኔ አወራለሁ።»

«ማውራቱንስ አልጠራጠርም፤» አለች።

ሁለቱም ሳቁ።  የተጠሩት ወደ አገረ ገዢው ግቢ ነው። የገዢው እናት፣ ሁሉ ሰው «እመቤት» ብቻ የሚላቸው፣ ከአርባ ዓመት በፊት ሲዳሩ ያጠለቁት የአንገት ሐብል ተሰብሮባቸዋል። ያንን ሐብል የሠሩት አለቃ ናቸው፤ «አለቃ» ያሰኛቸውም እሱ ነው። የእመቤት የልጅ ልጅ በሦስተኛው ቀን ወደ ሩቅ አገር ትዳራለች፤ እሱን ሳታጠልቅ አትወጣም ብለዋል። ሐብሉ ደግሞ ከግቢ አይወጣም፤ ሠሪው ይምጣ ተባለ።

ግቢው የደረሱት ረፋዱ ላይ ነበር። የግምጃ ቤቱ ሹም የጭራሮ እኩያ የሚሆን፣ ጣቶቹ ቀለም የጠጡ፣ ረጋ ያለ ሰው ነው። ጎንበስ ብሎ አለቃን እጅ ነሣና አንድ መስኮት ወዳለው ክፍል አስገባቸው። መስፉ፣ ወናፉና የፍም ማንደጃው ከመስኮቱ ሥር ተሰናድቶ ይጠብቃል። እሱ በሩ አጠገብ ጠረጴዛ አስቀምጧል፤ ሚዛኑም ከጠረጴዛው ላይ ነው።

«አይቀየሙኝ አለቃ፤ ሥራው እዚሁ እፊቴ ነው የሚሠራው። ተመዝኖ የገባ ብር ተመዝኖ ይወጣል፤ ፍርፋሪው ሳይቀር። እርስዎን ሳላምን ቀርቼ አይደለም።»

«አይመኑኝ እንጂ ጌታዬ!» አሉ አለቃ ካባቸውን እያንዠረገጉ። «አንጥረኛን የሚያምን የግምጃ ቤት ሹም ግምጃ ቤቱን በሚዛን ሳይሆን በጸሎት ነው የሚጠብቀው።»

ሹሙ ሳቀና ሐብሉን በነጭ ጨርቅ እንደተጠቀለለ አምጥቶ ከፊታቸው ዘረጋው።

ጭራሮ ስለዚህ ሐብል ሲወራ ነው ያደገችው፤ በዓይኗ ግን አይታው አታውቅም። ሰባት የብር ቅጠሎች ናቸው፤ ከፀጉር እምብዛም የማይወፍር ሽቦ ሁለት ሁለቱ ተገምዶ፣ እየተጠቀለለ፣ አንገትና ደም ሥር ያለው ቅጠል ሆኗል። በየቅጠሉ አንገት ላይ አንዲት የብር ፍሬ ተቀምጣለች። ከሰባቱ መካከለኛው የለም ማለት ይቻላል፤ ሙሽሪት ስትሞክረው ወድቆባት የጋሪ ጎማ ሄዶበታል። አለቃ እንደተስማሙት በርጩማው ላይ ተቀመጡና ካባቸውን ዘረጉ። ጭራሮ ከካባው ጥላ ሥር አንዱን ደኅና ቅጠል በወረንጦ አንሥታ ወደ ብርሃኑ አዘነበለችው።

ሽቦው ወደ ግራ ነው የተገመደው።

ደግማ አየችው። ሁለተኛውን አነሣች፤ ሦስተኛውን። ሁሉም ወደ ግራ። ሁለት ሽቦ አጋድሞ በመዳፉ ጠፍጣፋ እንጨት ላይ የሚያንከባልል ሰው፣ ቀኝ እጁ ከሆነ ግምዱ ወደ ቀኝ ይዞራል፤ ግራ እጁ ከሆነ ወደ ግራ። ይህ እንደ ሰው አረማመድ ነው፤ ሊደብቁት ቢሞክሩ እንኳ ይታወቃል። አባቷ በግራ እጃቸው ጉርሻ እንኳ አንሥተው አያውቁም። ግራኝ እሷ ናት። እሷ ደግሞ ይህ ሐብል ሲሠራ ገና አልተወለደችም።

«ይኼን ማን ሠራው?» አለች በሹክሹክታ።

«ምን ማለትሽ ነው? አገር የሚያውቀውን!»

«ወደ ግራ ነው የተገመደው።»

አለቃ ወደ ሹሙ ዞር ብለው አዩ። ሹሙ በሩ አጠገብ ብዕሩን እያስፏጨ ይጽፋል።

«ወናፉን ንፊ፤» አሉ አለቃ።

ነፋች። ወናፉ እየተነፈሰ፣ ፍሙ እየፈካ፣ በዚያ ድምፅ ሥር ተከልለው «እናትሽ ናት» አሏት።

ጭራሮ መንፋቷን አላቆመችም።

«የተጋባን ዓመት ነው። ትእዛዙ ሲመጣ ደስታዬን አልቻልኩትም፤ ለሰው ሁሉ አወራሁ። ከዚያ ሥራው አልሆን አለኝ። ሦስት ጊዜ ጀመርኩ፣ ሦስት ጊዜ አቃጥዬ መልሼ አቀለጥኩት። መሬት ላይ ተቀምጬ እንደ ልጅ አለቀስኩ። እሷ ያን ጊዜ ወናፍ ነበር የምትነፋልኝ። ተነሥታ መጣች፤ 'እስቲ ላንዳፍታ' አለችና ሽቦውን ተቀበለችኝ። በአሥራ አንድ ቀን ጨረሰችው። ከእኔ እጅ የወጣ ነገር ቢኖር ከመቆለፊያው ላይ የመታሁት ማህተም ብቻ ነው።»

«ከዚያስ?»

«ከዚያማ እሷ እስክትሞት ሁሉ ነገር አማረ። እሷ ስትሞት ወደ ወፍራም አምባርና ቀበቶ ዞርኩ። ሰው 'አለቃ ክብደት ያለው ሥራ ወደዱ' አለ። ሰው ደግ ነው፤ የሚለው አያጣም።»

እናቷ ስትሞት ጭራሮ የሰባት ዓመት ልጅ ነበረች። የምታስታውሳት ከመጋረጃው ጀርባ ጎንበስ ብላ፣ ወይም ከአልጋ በጎኗ ተጋድማ ነው።

«እኔን ወገቧን ያማታል ነበር የሚሉኝ።»

«ያማትስ ነበር። ጎንብሶ የዋለ ወገብ አያመውም?»

ጭራሮ ፍሙን እያየች ዘጠኝ ዓመት ሲሞላት የሆነውን አስታወሰች። የተረፈ ቁራጭ ሽቦ አንሥታ ስትገምድ፣ አባቷ ሁልጊዜ «በቀኝሽ! በቀኝሽ ብዬሻለሁ!» እያሉ እጇን ይመቷት ነበር። አንድ ቀን ግን ቆመው አዩዋት፤ ሳይናገሩ ወጥተው ከጓሮ እስኪመሽ ተቀመጡ። ከዚያ ቀን ወዲያ መተው ብቻ ሳይሆን የራሳቸውን ወረንጦ ሰጧት።

«አልከፋትም ነበር?» አለች።

«አልጠየቅኋትም፤» አሉ አለቃ። «አንድ ጊዜ ድግስ ተጠርተን ሄድን። አንዲት ሴት እናትሽ የሠራችውን የጆሮ ጉትቻ አድርጋ መጣች። ሰው ሁሉ እኔን ከቦ ያሞግሰኛል። ወደ ቤት ስንመለስ 'ዛሬ ደግሞ ጥሩ ሠርተሃል' አለችኝና ሳቀች። እኔም ሳቅሁ። ያ ሳቅ እስከ ዛሬ ከጆሮዬ አልወጣም።»

ወናፉ ቆመ። ሹሙ ቀና ብሎ «ምነው?» አለ።

«ፍሙ ትንሽ ይረፍ ብለን ነው ጌታዬ፤» አሉ አለቃ ምላሳቸው ሳይደናቀፍ። «ፍምም እንደ ሰው ነው፤ ካላረፈ ያኮርፋል።»

ሹሙ ፈገግ ብሎ ወደ ጽሕፈቱ ተመለሰ። ጭራሮ አባቷን አየቻቸው። ስንት ጊዜ በዚህ አፍ ድነዋል! ዛሬ ግን ያ ቀልድ አላሳቃትም።

«አለቃ፤» አለቻቸው።

ሽማግሌው ደነገጡ። በዚያ ስም የሚጠራቸው ሰው ሁሉ ነው፤ እሷ ግን አንድም ቀን ጠርታቸው አታውቅም።

«ካባዎን ያንሡልኝ። የእሷን ሥራ በካባ ሥር አልሠራውም። ብርሃን እፈልጋለሁ።»

«ይዘጉናል እኮ! መሣሪያው...»

«ወይ ደግሞ እርስዎ ይሥሩት።»

በቁጣ አልነበረም የተናገረችው፤ ድምፅዋ ከሹክሹክታ አላለፈም። አለቃ ግን ወረንጦውን ከእጇ ወሰዱ። ምን አስበው እንደሆነ እንጃ፤ ምናልባት ለአንዲት ደቂቃ አርባ ዓመት ወደ ኋላ ተመልሰው ሊሆን ይችላል። ከተጨፈለቀው ቅጠል የተላቀቀ ቀጭን ሽቦ አንሥተው ከቅጠሉ ጫፍ ሊያገጥሙት ሞከሩ። ሽቦው በአየር ላይ ተርገፈገፈ፤ ቅጠሉን ነካው፣ ሳተው፣ ነካው፤ ከዚያም ከመካከሉ እጥፍ አለ። አለቃ የታጠፈውን ሽቦ አይተው ወረንጦውን መስፉ ላይ አስቀመጡ።

ካባቸውን አወለቁ። በዝግታ አጣጥፈው ከመስኮቱ ደፍ ላይ አኖሩና ከበርጩማው ተነሡ።

«ምነው አለቃ? አመመዎት?» አለ ሹሙ ብድግ ብሎ።

አምሳ ዓመት ሙሉ ሲቀልድ የኖረ አፍ ዛሬ አልቀለደም። 

«ጌታዬ፣ እመቤትን ይጥሩልኝ፤» አሉ።

እመቤት በዘንጋቸው እየተደገፉ መጡ፤ ትልልቅ ዓይን ያላቸው፣ ሲተነፍሱ የሚሰማ ወፍራም ሴት ናቸው። ሹሙ ወንበር አቀረበላቸው። አለቃ ከፊታቸው ቆመው ሁሉንም ተናገሩ። አላሳመሩትም፤ ተረትም ቀልድም አልጨመሩበትም። ይህ ሐብል የሚስቴ ነው፤ ካለፉት አራት ዓመታት ወዲህ በስሜ የወጣው ሁሉ ደግሞ የዚህች የልጄ ነው፤ እኔ ማህተም መቺ ነኝ፤ አሉ። ተናግረው ሲጨርሱ ጭራሮ አባቷ አጭር ሰው መሆናቸውን ለመጀመሪያ ጊዜ ልብ አለች። ልታዝንላቸው አልፈለገችም፤ ግን አዘነችላቸው።

 እመቤት ወደ ጭራሮ ዞሩ።

«እናትሽ ማን ትባል ነበር?»

ስሟን ነገረቻቸው። እመቤት ጣዕሙን እንደሚለዩ ሁሉ ስሙን ቀስ ብለው ለራሳቸው ደገሙት።

«በይ ተቀመጪና ሥሪ። እኔ እዚሁ ነኝ።»

«እመቤቴ፣» አለ ሹሙ በጭንቀት፣ «የአንጥረኞቹ ማኅበር ደንብ...»

«ደንቡን ያወጡት ሰዎች ይቺን ቅጠል ይሥሩና ያሳዩኝ፤ ከዚያ እንነጋገራለን።»

ጭራሮ በርጩማው ላይ ተቀመጠች። የቀትር ፀሐይ በመስኮቱ ገብታ መስፉ ላይ አርፋለች። በሕይወቷ በዚህን ያህል ብርሃን ሠርታ አታውቅም፤ መጀመሪያ ላይ ዓይኗ አልለምድ አለ። የተጨፈለቀውን ቅጠል አቀለጠችና ሹሙ ከሰጣት ብር ጋር ቀላቅላ በትር አድርጋ አፈሰሰችው። ቀጠቀጠችው። ከዚያ ቀዳዳዎቹ እየጠበቡ በሚሄዱት የብረት ሰሌዳ ውስጥ በጉጠት እየሳበች፣ እያጋለች፣ እንደገና እየሳበች አቀጠነችው። ለመጨረሻዎቹ ቀዳዳዎች ትንፋሽዋን ትይዝ ነበር። ሽቦውን ሁለት አድርጋ እንጨቱ ላይ አጋደመችና ግራ መዳፏን ጫነችበት።

እዚያ ላይ እጇ ቆመ። ካበላሸሁትስ? አለች በልቧ። የራሷን ሥራ ስታበላሽ መልሳ ታቀልጠው ነበር። ይህኛውን ግን ስድስት እህቶቹ ተሰልፈው ያዩታል። ደኅናውን ቅጠል አንዴ ዳሰሰችው። እናቷ በአንዱ ጥምዝ ላይ ሽቦውን አንድ ዙር አብዝታዋለች፤ ስሕተት አልነበረም፤ እዚያ ጋ ቅጠሉ በነፋስ የተገለበጠ እንዲመስል ነው። ጭራሮ ይህን ስታገኝ ሳቋ መጣ። እሷም በየሥራዋ የምታደርገው ነገር ነው፤ ማንም አላስተማራትም።

መዳፏን ወደፊት ገፋች።

እመቤት ከወንበራቸው ሳይነሡ ዋሉ። አንዴ «አርባ ዓመት አንገቴ ላይ ውሏል፤ እንዲህ ያለ ጣጣ እንዳለው አላውቅም ነበር» አሉ። አለቃ ወናፉን ይነፋሉ። ለዚያ ሥራ የሚንቀጠቀጥ እጅም ይበቃል። «ጠንከር፤» ትላቸዋለች። «ይብቃ።» እሳቸውም ይታዘዛሉ።

ፀሐይዋ ከመስፉ ወርዳ ወለሉ ላይ ስትደርስ ቅጠሉ አለቀ። እመቤት ሰባቱንም ጭናቸው ላይ ደርድረው አንድ በአንድ አዩ፤ አቀያይረው እንደገና አዩ። «የትኛው ነው የዛሬው?» ሲሉ ሹሙን ጠየቁት። ሹሙ ጎንበስ ብሎ ተመለከተና «ይኼኛው አንገቱ ላይ ፍሬ ባይጎድለው ኖሮ አላውቀውም ነበር» አለ።

«ፍሬዋን መጨረሻ ላይ ነው የማስቀምጣት፤» አለች ጭራሮ።

እመቤት ወደ አለቃ ቀና አሉ። «አርባ ዓመት ዋሸኸኝ።»

«አዎ እመቤቴ።»

«አለቃነትህ ከዛሬ ጀምሮ ቀርቷል። ለማኅበሩም ምክንያቱን ራስህ ትነግራቸዋለህ። መሣሪያውና ሱቁ የልጅህ ነው፤ እሷን የሚነካ ካለ ወደዚህ ይምጣ።»

«ይሁን እመቤቴ።»

እመቤት የሐብሉን መቆለፊያ ገልብጠው አዩት። ማህተሙ አርባ ዓመት ከቆዳ ጋር ሲታሽ ኖሮም ጎልቶ ይታያል። «ይኼስ? ማን ያጠፋዋል?»

ጭራሮ ሞረዱን ልታነሣ እጇን ዘረጋች። አባቷ ቀደሟት።

«ይቺን እንኳ ለእኔ ተዉልኝ፤» አሉ።

ሞረድ የሚይዝ እጅ ቢንቀጠቀጥም ያው ይሞርዳል። ጭራሮ መቆለፊያውን በጉጠት አጥብቃ ያዘችላቸው፤ እሳቸው ጎንበስ ብለው ሞረዱን ወዲያ ወዲህ አሉት። ሹሙ ብናኙ እንዳይጠፋ ከሥር ወረቀት ዘረጋ። የስማቸው መጀመሪያ ፊደል ሄደ፤ መካከለኛው ሄደ። ላብ ከግንባራቸው ወርዶ አፍንጫቸው ጫፍ ላይ ሲንጠለጠል በእጅጌያቸው ጠረጉት፤ ሳያርፉ ቀጠሉ። ብሩ ልሙጥ ሲሆን በአውራ ጣታቸው ዳሰሱት።

ሹሙ ወረቀቱን ወደ ሚዛኑ ወሰደ። «የገባው ሁሉ መውጣት አለበት፤» አለ ይቅርታ በሚመስል ድምፅ። «ይኼን ምን ላድርገው?»

«ለእኔ ስጠኝ፤» አለች ጭራሮ።

ብናኙን በአንድ የከሰል ቁራጭ ላይ ባበጀችው ጉድጓድ አፈሰሰችው። የናስ መንፊያ ቧንቧዋን ከከንፈሯ አስጠግታ የፍሙን ነበልባል ነፋችበት። ብናኙ ቀላ፣ ተሰበሰበ፣ ድንገት እንደ ውሃ ጠብታ ክብ ሆኖ ተሽከረከረና ቆመ። ሲቀዘቅዝ ከጤፍ ትንሽ የምትበልጥ ፍሬ ሆነች። በወረንጦ አንሥታ ከመካከለኛው ቅጠል አንገት ላይ አስቀመጠቻት፤ መበየጃውን በላባ ቀባችና እንደገና ነፋች።

አለቃ በትከሻዋ ላይ አጎንብሰው ያያሉ። ትንፋሻቸው ፀጉሯን ይነካዋል።

«ያዘ?» አሉ።

ጭራሮ ፍሬዋን በወረንጦዋ ጫፍ ገፋ አደረገቻት። አልተነቃነቀችም።

«ይዟል አባዬ።»